ወደ ኋላው የሚመለስ ወንዝ

በሀገራችን ወንዝ ማለት የሚሄድ እንጂ የሚመለስ አይደለም። ዓባይ ከጣና ከወጣ በኋላ ውሎ አድሮ ሱዳንን አቋርጦ ምስር ይገባል እንጂ ተመልሶ የወጣበትን ባሕር አያይም። አባቶቻችን «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ብለው ሲተርቱም የወንዙን እንግድነት መናገራቸው ነው። እኔ በመምህርነት በምኖርበት በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ግን ይህ ተረት ቃል በቃል ሲፈጸም ይታያል። ፖቶማክ በተባለው ወንዝ ላይ አንድ ትልቅ ግንድ ጧት ወደ ደቡብ ሲወርድ አይቼ፣ ከቀትር በኋላ ያው ግንድ፣ በላዩ የተቀመጠችው ወፍ ብቻ ተለውጣ፣ ወደ ሰሜን ሲመለስ ተመልክቻለሁ። በዚህ ወንዝ ዳር በብርድ ወራት ዓሣ የሚያጠምዱ የሀገራችን ሰዎች አሉ። ዛሬ ለማውጋት የፈለግሁት ስለዚሁ ሥራና ከወንዙ ወጥቶ ወደ ቤታችን ስለሚገባው ዓሣ ነው።

አስቀድሞ የወንዙን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ፖቶማክ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ ቼሳፒክ ወደሚባለው የባሕር ወሽመጥ ይገባል፤ ወሽመጡም ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ጋር የተያያዘ ነው። በጨረቃና በፀሐይ ስበት ምክንያት የውቅያኖሱ ውኃ በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃው ገደማ ይሞላል፤ በመካከሉም ይጐድላል። ይህ ሙላት በወሽመጡ በኩል ገብቶ ወንዙን ሽቅብ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይገፋዋል፤ ዋሽንግተንንም አልፎ ሊትል ፎልስ ከተባለው፣ ውኃው በዐለት ላይ እየዘለለ ከሚወርድበት ቦታ ሲደርስ ብቻ ይቆማል። በከተማው ዳርቻ ውኃው በእያንዳንዱ ሙላት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ደግሞ የሚያስደንቀው፣ ወንዙን ገፍቶ የሚመልሰው የባሕር ኃይል ሲሆን በከተማው ያለው ውኃ ጨው አለመቅመሱ ነው። ጨዋማው ውኃ በስተደቡብ ርቆ ይቀራል፤ ተገፍቶ የሚመለሰው የወንዙ የራሱ ጣፋጭ ውኃ ነው። የከተማው ሁለተኛ ወንዝ አናኮስቲያም የሚኖረው በዚሁ ሕግ ነው።

የከተማው መሐንዲሶች ይህን ሙላትና ጕድለት እንደ ሎሌ አሠርተውታል። በዋሽንግተን የኖረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ በጸደይ የቼሪ አበባ ለማየት ታይዳል ቤዚን ወደሚባለው ሰው ሠራሽ ኩሬ ሳይሄድ አይቀርም። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ዛፎቹ በ1912 ከጃፓን የመጡ ናቸው፤ ኩሬው ግን ከዚያ በፊት በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ የተቈፈረ ሲሆን፣ የተቈፈረውም ለጌጥ አልነበረም። ወንዙ ሲሞላ በአንድ ወገን ያለው በር ተከፍቶ ውኃ ያስገባል፤ ሲጐድል ያ በር ይዘጋና በሌላው ወገን ያለው ተከፍቶ ውኃውን ዋሽንግተን ቻነል ወደተባለው የመርከብ መግቢያ ይለቀዋል። በዚህ ዐይነት የቆመው ውኃ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይታጠባል፤ የሚያጥበውም ጨረቃ ናት ማለት ይቻላል።

ይህን ነገር ስመለከት ትዝ የሚለኝ በልጅነቴ በጣና ዳር የተማርሁት ባሕረ ሐሳብ ነው። አበቅቴን፣ ሕፀፅንና ዕለቱን ደምረን፣ ከሠላሳ ሲያልፍ ሠላሳውን ገድፈን፣ ሰማዩ በደመና ቢሸፈን እንኳ ጨረቃ ስንት ሌሊት እንደሆናት እንናገር ነበር። በኋላ በዘመናዊ ትምህርት ቤት የተማርሁት ደግሞ የዚያን ሒሳብ ሌላ ፍሬ አሳየኝ። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበትና አዲስ በምትወለድበት ሰሞን ፀሐይና ጨረቃ በአንድ መስመር ሆነው ስለሚስቡ ሙላቱ ከፍ፣ ጕድለቱም ዝቅ ይላል፤ ጨረቃ ግማሽ በሆነችበት ሰሞን ግን ልዩነቱ ያንሳል። ሙላቱም ከዕለት ወደ ዕለት በ50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል፤ ይህም ጨረቃ ራስዋ በየቀኑ ዘግይታ ከምትወጣበት ጊዜ ጋር የተስማማ ነው። የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሙላቱን ሰዓት አስቀድሞ በሰንጠረዥ ያወጣዋል፤ ቢሆንም ሰንጠረዡ ነፋስን አይቈጥርም። በብርድ ወራት ከሰሜን ምዕራብ ብርቱ ነፋስ በነፈሰ ጊዜ ውኃውን ወደ ባሕሩ እየገፋ ስለሚያርቀው፣ ይሞላል በተባለበት ሰዓት ጭቃው ተገልጦ ይታያል።

የጨረቃውን ሌሊት ዘወትር የሚጠይቁኝ አንድ ሽማግሌ አሉ። እርሳቸውም በጣና ዳር ተወልደው ከደንገል በተሠራ ታንኳ ላይ ያደጉ፣ ቆሮሶና አምባዛ እያጠመዱ ልጆች ያሳደጉ ሰው ናቸው። ወደ አሜሪካ የመጡት በስተርጅና ልጆቻቸውን ተከትለው ነው። እንግሊዝኛው አልያዛቸውም፤ መኪና አይነዱም፤ ልጆቻቸው ሥራ፣ የልጅ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት በሚውሉበት ሰዓት ግን ግድግዳ ሲያዩ መዋል አልሆነላቸውም። እጃቸው የሚያውቀውን ሥራ ያገኙት ወንዙ ዳር ነው። ለማጥመድ በከተማው ሕግ ከ16 እስከ 64 ዓመት ያለ ሰው ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ እርሳቸው ሰባውን ስለተሻገሩ ዕድሜያቸው ፈቃድ ሆኗቸዋል። ወራታቸው ግን የተወሰነ ነው። በጾመ ነቢያት አይወጡም። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ነገር ለአባቶች ልተወውና፣ እርሳቸው ከልደት ማግሥት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባለው ጊዜ ብቻ ያጠምዳሉ። በዚያ ሀገር ይህ ወቅት የውርጭና የበረዶ ጊዜ፣ ከዓመቱም ሁሉ የብርዱ ጽናት ነው።

የሚቆሙበት ቦታ ሄይንስ ፖይንት ይባላል። ከወንዙ ሥር በተጠረገ ጭቃ የተሠራ ሹል መሬት ሲሆን ፖቶማክ፣ አናኮስቲያና ዋሽንግተን ቻነል በዚያ ይገናኛሉ፤ ከማዶ የአውሮፕላን ማረፊያ አለ። ሽማግሌው ሁለት ዘንግ ከብረቱ አጥር ላይ ያስደግፋሉ። መንጠቆው ላይ የተቈራረጠ ዓሣ ይሰካሉ፤ ወራጁ እንዳይወስደውም ከበድ ያለ እርሳስ ያስሩበታል። በዘንጉ ጫፍ ትንሽ ቃጭል አለች። ከዚያ በኋላ እጃቸውን በጋቢያቸው ውስጥ ከትተው ዝም ይላሉ። ውኃው ሞልቶ ወይም ጐድሎ በቆመበት ሰዓት ቃጭልዋ አትሰማም፤ ወንዙ መንቀሳቀስ ሲጀምር ግን ወራጁ የምግቡን ሽታ ይዞ ስለሚሄድ ዓሣው ይቀርባል። በጣና ነፋሱን ያነቡ የነበሩት ሰው በፖቶማክ የወንዙን መታጠፍ ማንበብ ለመዱ።

በብርድ ወራት ማጥመድ ከበጋው የተለየ ጥበብ ይጠይቃል። ዓሣ የራሱ ሙቀት የለውም፤ ሰውነቱ እንደ ውኃው ይሞቃል፣ እንደ ውኃው ይበርዳል። ስለዚህ ውኃው ሲቀዘቅዝ እንቅስቃሴው ይቀንሳል፤ ጥቂት ይበላል፤ ጥልቅ ወደሆነው ቦታ ወርዶ ይከማቻል። በዚህም የፈጣሪ ጥበብ ይታያል፤ ውኃ 4 ዲግሪ ሲደርስ ከሁሉ ይልቅ ይከብድና ወደ ታች ይወርዳል፤ ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ ግን መልሶ ይቀልላል። በረዶው ከላይ የሚንሳፈፈው ስለዚህ ነው፤ ከሥሩም ሕይወት ይተርፋል። ሥራቱ ሌላ ቢሆን ኖሮ ወንዙ ከታች ጀምሮ በረዶ ይሆን ነበር። ደግሞም በከተማው ደቡብ፣ ብሉ ፕሌንስ በተባለው ቦታ፣ የከተማው ቈሻሻ ውኃ ተጣርቶ ወደ ወንዙ የሚገባበት ታላቅ ፋብሪካ አለ። የተጣራው ውኃ ከወንዙ ይልቅ ሞቅ ስለሚል በብርዱ ጊዜ ዓሦች በዚያ ይሰበሰባሉ፤ አጥማጆችም ይህን ያውቃሉ።

አደጋውንም መናገር ይገባል። በዚህ ወራት ከወንዙ የወደቀን ሰው ብርዱ ገና ሳያደነዝዘው አስቀድሞ የሚጐዳው ትንፋሹ ነው፤ ቅዝቃዜው ሲነካው ሳያስበው አየር ይስባል፤ በዚያች ቅጽበት አፉ ከውኃ በታች ከሆነ ይታፈናል። ዋና ማወቅ ብቻውን አያድንም። ስለዚህ ብቻን አለመሄድ፣ በረዶ በያዘው ድንጋይ ላይ አለመቆም፣ በጀልባ የሚወጣም ሰው የሚያንሳፍፈውን ሰደርያ መልበሱ ግዴታ መሆን አለበት። ሽማግሌውን ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ልጆችን ፊደል አስተምሬ ስጨርስ፣ አብሬያቸው የምወጣው ስለዚህ ነው።

በዚህ ቅዝቃዜ ከሌሎቹ ይልቅ የሚበላውና መንጠቆ የሚነካው ዓሣ ሰማያዊ አምባዛ ይባላል። ይህ ዓሣም እንደኛው ስደተኛ ነው። የተፈጥሮ ሀገሩ ሚሲሲፒና ገባሮቹ ሲሆኑ፣ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ለአጥማጆች መዝናኛ እንዲሆን በቨርጂንያ ወንዞች ውስጥ ተጨመረ፤ ከዚያ ተዛምቶ ፖቶማክን ሞላው። ከ45 ኪሎ በላይ የሚመዝንም ይገኛል። የወንዙን ሌሎች ዓሦችና የወሽመጡን ሸርጣኖች ስለሚበላ፣ የመንግሥት ሰዎች አጥምዳችሁ አውጡት ይላሉ። ሽማግሌው ይህን በሰሙ ጊዜ ደስ አላቸው፤ የሚወዱት ሥራ ለሀገሬውም የሚጠቅም ሆኖ ተገኝቷልና። ያጠመዱትንም ለብቻቸው አይበሉም ነበር። አምስት ኪሎ የሚመዝነውን ለአንዱ ቤት፣ ስምንት ኪሎ የሚመዝነውን ለሌላው እያሉ ለጎረቤት ያድላሉ። ይልቁንም ትልቅ ትልቁን የሚሰጡት በፎቃቸው ሥር ለምትኖር አንዲት ሴት ነበር፤ ከሀገር ቤት ከመጣች ብዙ ያልቈየች፣ ሁለት ሕፃናት ያሏትና ሦስተኛውን ያረገዘች ናት።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በዚህ ወንዝ ጭቃ ውስጥ ፒ.ሲ.ቢ. በሚል አሕጽሮት የሚጠራ ኬሚካል አለ። በኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ውስጥ ይጨመር የነበረ ዘይት መሰል ነገር ሲሆን፣ አሜሪካ በ1979 እንዳይሠራ ከልክላለች። ነገር ግን ቶሎ አይጠፋም። በውኃ አይሟሟም፤ ከጭቃው ጋር ተጣብቆ ይቈያል። ትንንሽ ፍጥረታት ከጭቃው ጋር ይውጡታል፤ እነርሱን ትንሹ ዓሣ፣ ትንሹን ዓሣ ትልቁ ይበላል፤ በየደረጃው በስቡ ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል። እንግዲህ ዓሣው ባረጀ፣ በገዘፈና በሰባ መጠን መርዙም ይበዛበታል። አይሸትም፣ አይመርርም፤ እሳትም አያጠፋውም። ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጋውም ፅንስንና ሕፃናትን ነው፤ የሚያድገውን አእምሯቸውን ይጐዳልና። የከተማው መሥሪያ ቤት ስለዚህ ነገር ለአጥማጆች ምክር ያወጣል፤ አንዱ ዓሣ በወር ስንት ጊዜ ሊበላ እንደሚችል ይወስናል፤ እንደ ካርፕ ያለውን ግን ጨርሶ አትብሉ ይላል። በ2012 የወጣ አንድ ጥናት ደግሞ የአናኮስቲያ አጥማጆች ያገኙትን ዓሣ ለሌላው እንደሚያካፍሉ፣ ብዙዎቹም ይህን ምክር እንደማያውቁ ገልጧል። ማካፈል ደግ ነገር ስለሆነ ጉዳቱ በደግነት መንገድ ይሄዳል ማለት ነው።

አንድ ቅዳሜ ትልቁን ዓሣ በከረጢት ሲከቱ አየሁና፣

«አባባ፣ ይህንስ ለእርስዋ ባይሰጧት» አልኋቸው።

«ለምን? ጾም ገባ እንዴ?» አሉኝ እየሳቁ።

«ጾምስ አይደለም። በወንዙ ውስጥ ያለ ነገር ነው።»

ዓሣውን ከከረጢቱ አወጡት። «መምህር፣ ዓይኑን ተመልከት። ስንጥቡን ግለጥና እይ፤ እንደ ደም ቀይ ነው። ሥጋውን ተጫነው፤ ይመለሳል። የተበላሸ ዓሣና ያልተበላሸ ዓሣ አንተ ለእኔ ትነግረኛለህ?»

በሙያቸው በኩል እውነታቸውን ነበር። በጣና ያስተማራቸው ዕውቀት ሐሰት አይደለም፤ የበሰበሰውን ከትኩሱ ይለያል። ይህ ግን ዓይንና አፍንጫ የማይደርሱበት ነገር ነው። ስለ ጭቃው፣ ስለ ስቡ፣ ስለ ፅንሱ በቻልሁት መጠን አስረዳኋቸው። ሰምተው ሲያበቁ አልተቈጡም። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፣

«እንግዲያስ እኔ ምን ልሰጣት ነው?» አሉ። «ገንዘብ የለኝ፤ ሐኪም ቤት ወስጄ አላስተረጕምላት፤ ልጆችዋን በመኪና አላደርስላት። ያለኝ ይህ ነው።»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። በስደት ሀገር ሽማግሌ መሆን ማለት ሁልጊዜ ተቀባይ መሆን ነው፤ ልጅ ያበላል፣ መንግሥት ያሳክማል። እኚህ ሰው በዓመት ውስጥ ሰጪ የሚሆኑት በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ በዚያ በብርድ ላይ ቆሜ ያንን ከእጃቸው እየወሰድሁ ነው። ሆኖም ዝም ብል ያልተወለደው ልጅ ለሽማግሌው ክብር ይከፍላል። እውነትን ለታላቅ መናገር በባህላችን ከባድ ነው፤ ቢሆንም አክብሮ መናገር ይቻላል እንጂ አክብሮ መደበቅ አይቻልም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ነገሩን ያነሡት እርሳቸው ናቸው። «አስቤበታለሁ» አሉኝ። «በሀገራችን ለአራስ ገንፎ ይሠራላታል እንጂ አረቄ አይወሰድላትም። አረቄው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ለእርስዋ ስላልሆነ ነው። ይህም እንዲያው ነው።» እኔ ግማሽ ሰዓት ያስረዳሁትን እርሳቸው በሁለት ቃል ጨረሱት። በዚያው ዕለት በዋሽንግተን ቻነል ዳር፣ ከ1805 ጀምሮ ወዳለው የዓሣ ገበያ አብረን ሄድን፤ ከልጆቻቸው ከሚሰጣቸው የኪስ ገንዘብ ላይ አውጥተው ከሌላ ውኃ የመጣ፣ ለነፍሰ ጡር የሚስማማ ዓሣ ገዙላት። ገበያተኛው ሊቈርጠው ሲል ቢላዋውን ተቀብለው ራሳቸው አጸዱት፤ የእጃቸው ሥራ እንዲኖርበት ነው።

ከወንዙ ማጥመዳቸውን አልተዉም፤ ሥርዓቱን ግን ለወጡ። ትልልቁን አምባዛ መሻት ትተው መንጠቋቸውን አሳነሡ። ትንሹን ዓሣ ቈዳውን ገፈው፣ የሆዱንና የጀርባውን ስብ አንሥተው፣ ስቡ ወደ ታች እንዲንጠባጠብ በፍርግርግ ላይ ይጠብሱታል፤ የወጣውንም ስብ ለወጥ አይጠቀሙበትም። ይህ መርዙን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ ስለማያጠፋ፣ ራሳቸውና እኩዮቻቸው በምክሩ በተወሰነው መጠን ይበላሉ፤ ለእናቶችና ለሕፃናት አይሰጡም። እኔም ምክሩን በአማርኛ በአንድ ገጽ ላይ ጻፍሁላቸው፤ ዛሬ ወንዝ ዳር የሚያገኙትን የሀገር ልጅ ሁሉ እያስቆሙ የሚያነብቡለት እርሳቸው ናቸው። ስለዚህ አሁንም የሚሰጡት ነገር አላቸው።

አንባቢ ሆይ፤ ከዚህ የተነሣ ወንዙን የተረገመ አድርገን እንዳናይ። ውኃውን ያቈሸሸው ሰው ነው፤ ሊያነጻው የሚደክመውም ሰው ነው። በ1965 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የፖቶማክን መበከል ለሀገራቸው ሕዝብ እንደ ኀፍረት አድርገው ተናግረው ነበር፤ በ1971 ከተማው በወንዞቹ ውስጥ መዋኘትን ከለከለ፤ በ1972 ደግሞ የአሜሪካ የውኃ ንጽሕና ሕግ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። በአሮጌው የከተማ ክፍል የዝናብና የመጸዳጃ ውኃ በአንድ ቦይ ስለሚሄዱ፣ ብርቱ ዝናብ ሲዘንብ ቦዩ ሞልቶ ወደ ወንዙ ይፈስ ነበር፤ ይህን ለመከላከል ለአናኮስቲያ ከመሬት በታች የተቈፈሩት ታላላቅ ዋሻዎች አንደኛው ክፍል በ2018፣ የመጨረሻው በ2023 ሥራ ጀመረ። የጭቃው መርዝ ግን እንደ ውኃው ቶሎ አይሄድም። ወንዙ በቀን ሁለት ጊዜ ወደ ኋላው እንደሚመለስ፣ አባቶች የጣሉትም ነገር ወደ ልጆች ማዕድ ይመለሳል።

እንግዲህ በከተማ ወንዝ አጠገብ የምትኖሩ ቤተሰቦች፣ በዋሽንግተንም ሆነ በሌላ ቦታ፣ ከጎረቤት ዓሣ ሲመጣላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ከየት ውኃ ወጣ? ምን ዐይነት ነው? ምን ያህል ትልቅ ነበረ? ጥያቄው ሰጪውን ማሳፈር አይደለም፤ በትሕትና ከተጠየቀ ማክበር ነው። የምታጠምዱም የከተማችሁን ምክር በየዓመቱ ተመልከቱ፤ ይለወጣልና። ቋንቋውን የማያነብቡ አባትና እናት ያሏችሁ ልጆች ደግሞ ይህን ሥራ ለእነርሱ አትተዉባቸው፤ ተቀምጣችሁ አንብቡላቸው። ወንዝ ዳርም ብቻቸውን አይቁሙ። አንድ ቅዳሜ አብራችኋቸው ብትወጡ ስለ ውኃም ስለ ሀገርም ከመጻሕፍት የማታገኙትን ትሰማላችሁ፤ ወፍራም ጓንት መያዝ ግን አትርሱ።